አጭበርባሪ የሚባለው ማን ነው? ከሌባስ በምን ይለያል?

ባሕር ዳር መናኸሪያ አካባቢ ስልኩን ከኪሱ የተመነተፈ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ ድንች የተቀላቀለበት ቅቤ የገዛ፣ «ሽልማት ደርሶዎታል» ተብሎ በቴሌብር ገንዘቡን ያስተላለፈ፣ ሦስቱም ከአፋቸው የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ሌባ!»። ንዴት ቃል አያስመርጥም። ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ግን ጉዳያቸው ይለያያል። የሚጠየቁት ማስረጃም፣ የሚጠቀሰው አንቀጽም አንድ አይደለም። የሚለያቸው ንብረቱ ከእጃቸው የወጣበት መንገድ ነው።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«አጭበረበረ» ከገንዘብ ውጭም ይነገራል። ማታ ፊት ለፊት የሚመጣ የመኪና መብራት ዓይን ያጭበረብራል፤ ያጥበረብራልም እንላለን። ዓይን ተከፍቶ ሳለ የሚያየው ይጠፋዋል። ሰው ሲጭበረበርም እንዲሁ ነው። የተጭበረበረው ሰው አልተኛም፣ ዞርም አላለም፤ እያየና እየቆጠረ በገዛ እጁ ነው የሰጠው።

የሚያደርገው ሰው አጭበርባሪ፣ ድርጊቱ ማጭበርበር፣ መሣሪያው ማጭበርበሪያ ይባላል። ለነገርም ይውላል፦ የተጭበረበረ ሰነድ፣ የተጭበረበረ ሚዛን፣ የተጭበረበረ ሒሳብ። «አጭበርብሮ» የሚለው ግን ለብቻው አይቆምም፣ ሁልጊዜ ሌላ ግስ ያስከትላል፦ አጭበርብሮ ሸጠልኝ፣ አጭበርብሮ አስፈረመኝ፣ አጭበርብሮ ወሰደብኝ። የመጀመሪያው ቃል ዘዴውን፣ ሁለተኛው ጉዳቱን ይናገራል። ብዙ አቤቱታ የሚልፈሰፈሰው የመጀመሪያውን ቃል ደጋግሞ ሁለተኛውን ስለሚረሳ ነው።

ጎረቤት ቃላትም አሉ፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። «ሸወደ» ቀላሉ ነው። ሰው ቀርቶ ዝናብም ይሸውዳል። «አታለለ» መካከል ላይ ነው፤ እናት የሚያለቅስ ልጇን በከረሜላ ታታልላለች፣ ነጋዴም ገዢውን ያታልላል። «ቀጣፊ» ውሸቱ ከአፉ የማይጠፋ ነው፤ ገንዘብ ላይወስድ ይችላል። «ወስላታ» የጠባይ ስም ነው፣ በንግድም በትዳርም የማይታመን። «ሞላጫ» ደግሞ ሙልጭ አድርጎ ወስዶ የማያፍር። «አስመሳይ» ያልሆነውን ሆኖ የሚቀርብ ሲሆን፣ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» የተባለው ለእሱ ነው። የዓባይ ዳር ሰው «አባይ» የሚለውን ቃል ከወንዙ ስም ጋር ቢያምታታ አይፈረድበትም፤ ይህኛው ግን ከ«አበለ» የመጣ ነው፣ ሐሰተኛ ማለት ነው፤ «አባይ ጠንቋይ» ሲባል እንደሚሰማው።

አስቸጋሪው «ጮሌ» ነው። ጮሌ ፈረስ ሲባል ምስጋና ነው። ጮሌ ነጋዴ ሲባል ግን አድናቆት ይሁን ወቀሳ ከተናጋሪው ድምፅ ካልሆነ አይታወቅም። «ብልጥ»ም እንደዚሁ ነው፤ «ብልጣብልጥ» ሲሆን ግን ወቀሳ መሆኑ አያጠራጥርም።

ሕጉስ በምን ይለያቸዋል?

አንዲት ባጃጅ እንውሰድ። ሌሊት ከቆመችበት ግቢ ባለቤቱ ሳያውቅ ከተወሰደች ስርቆት ነው (በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 665)። ሾፌሩ በኃይል ተገድዶ ከተቀማት ውንብድና ነው (አንቀጽ 670)። ባለቤቱ «የቀን ገቢ እያስገባህ ሥራባት» ብሎ የሰጠው ሾፌር ሸጧት ከጠፋ እምነት ማጉደል ነው (አንቀጽ 675)፤ ያመኑት ፈረስ የሚጥለው እዚህ ላይ ነው። አንድ ገዢ መጥቶ ሐሰተኛ የባንክ ማስተላለፊያ አሳይቶ፣ ባለቤቱ «ገንዘቡ ገባ» ብሎ ቁልፉንና ሊብሬውን ካስረከበው ግን አታላይነት ነው (አንቀጽ 692)። በዕለት ንግግራችን አጭበርባሪ የምንለው ሰው በሕጉ የሚገባው በዚህ በመጨረሻው በር ነው።

ሾፌሩና ሐሰተኛው ገዢ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ባጃጇን ከባለቤቱ እጅ ነው የተቀበሉት። ነገር ግን ሾፌሩ ሲቀበል ያታለለው ነገር የለም፤ ክፋቱ የመጣው ከተቀበለ በኋላ ነው። የገዢው ማታለል የሚቀድመው ርክክቡን ነው። ስለዚህ መርማሪ አጥብቆ የሚጠይቀው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው፦ መጀመሪያ እሱ ምን ብሎ ነገረህ? አንተስ ከዚያ በኋላ ምን አደረግህ?

አንቀጽ 692 አራት መንገዶችን ይዘረዝራል። አንዱ አሳሳች ነገር መናገር፣ ሌላው ማንነትን ወይም ሁኔታን ማሳሳት ነው («የቴሌ ሠራተኛ ነኝ»፣ «የባለቤቱ ወኪል ነኝ»)። ሦስተኛው መግለጥ የሚገባን ነገር መደበቅ፣ አራተኛው ሌላው ሰው በራሱ በተሳሳተበት እምነት መጠቀም ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አያውቀውም። በባንክ ዕዳ የተያዘን ቤት ዕዳውን ሳይናገር የሚሸጥ ሰው አንድም የውሸት ቃል ሳይወጣው አታላይ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ወንጀል የሚሆነው የማይገባ ጥቅም ለማግኘት ታስቦ ከተደረገና ተታላዩ በራሱ ወይም በሌላ ሰው ንብረት ላይ ጉዳት የሚያመጣ ነገር ካደረገ ነው። ቅጣቱ ቀላል እስራት፣ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት፣ ከዚያም ጋር መቀጮ ነው። በኮምፒዩተርና በስልክ ሥርዓት ለሚፈጸመው ደግሞ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ።

«ቁጭ በሉ» የሚባሉትስ?

ከአጭበርባሪዎች መካከል በቡድን የሚሠሩት፣ ድርሻ ተከፋፍለው ድራማ የሚጫወቱት ናቸው። የተጎዳው ሰው «ሠሩኝ» ወይም «ተበላሁ» ይላል። ድራማው አርጅቷል፤ እስካሁንም ይሠራል።

የታወቀው የወርቁ ነው። አንዱ ከገጠር የመጣ መስሎ፣ ነጠላው አቧራ ለብሶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢጫ ብረት ይዞ ይቀርባል። መሬት ሲቆፍር እንዳገኘው፣ ዋጋውንም እንደማያውቀው ይናገራል። ሁለተኛው መንገደኛ መስሎ ይቆምና «ይሄማ ወርቅ ነው፣ እኔ ልግዛው» እያለ ይሻማል፤ ገንዘብ ግን አይበቃውም። ሦስተኛው ወርቅ ሠሪ ነኝ ባይ ነው፣ ወይም ወርቅ ሠሪ ዘንድ የሚወስድ። ተታላዩ ቁራጯን ሲያስመረምር እውነተኛ ወርቅ ሆና ትገኛለች፤ ምክንያቱም ለምርመራ የምትሰጠው ቁራጭ በእርግጥም ወርቅ ናት። የሚገዛው ጥቅል ግን ናስ ነው።

እዚህ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፣ ሌላ ማጭበርበር ውስጥም አይጠፉም። ትንሽ እውነት አለ፣ ቁራጯ ወርቅ። ከጎን የሚያረጋግጥ ሰው አለ። ጥድፊያ አለ፣ «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው»። ምስጢርም አለ፤ «ፖሊስ ካየን ይወስድብናል፣ ለማንም እንዳትናገር»። ከሁሉም ተንኮለኛው የመጨረሻው ነው። ተታላዩ ራሱን ትንሽ ጥፋት ውስጥ እንዳለ ስለሚቆጥር በኋላ ለመክሰስ ያፍራል።

ወርቅን በማግኔት መፈተን አይጠቅምም። ናስም መዳብም በማግኔት አይሳቡም፤ አለመሳቡ ያረጋገጠው ነገር የለም። የሚሻለው ክብደት ነው። ንጹሕ ወርቅ በ1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 19.3 ግራም ይመዝናል፤ ናስ ግን 8.5 ግራም ገደማ። እኩል የሚያክሉ ሁለት ቁራጮች ቢያዙ ናሱ የወርቁን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ወርቅ ሠሪውን ሻጩ ሳይሆን ገዢው ይምረጥ፤ የሚመረመረውም ከሚገዛው ጥቅል መካከል በገዢው እጅ የተቆረጠው ይሁን። ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው የሚሄዱት ሻጮች ናቸው መልሱን የሚሰጡት።

በስልክ የሚመጣውስ እንዴት ይሠራል?

ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወዲህ ነው የመጣው፤ ማታለያው ግን ከእሱ በፊት በሞባይል ካርድ የነበረው ነው። ደዋዩ ጨዋ ነው፣ ስም ይጠራል፣ «እንኳን ደስ አለዎት» ይላል። ከዚያ ከሦስት አንዱን ይጠይቃል፦ የሚስጥር ቁጥር፣ አሁን በመልእክት የገባ የማረጋገጫ ቁጥር፣ ወይም በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ ቁጥር እንዲደወል። የሚስጥር ቁጥሩና የማረጋገጫ ቁጥሩ አንድ ላይ ከተሰጡት ሒሳቡን በሌላ ስልክ ላይ ሊከፍተው ይችላል። በኮከብና በመሰላል የሚደወለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ ወይም የአየር ሰዓት የማስተላለፊያ ትእዛዝ ነው፤ ደዋዩ «የሽልማት ኮድ» ይበለው እንጂ ተታላዩ ራሱ ነው የሚልከው። ደዋዩ ስልኩን እንዳይዘጉት የሚለማመጠው ለዚህ ነው። ከተዘጋ ሰው ያስባል፣ ጎረቤት ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዓይነት «በስህተት ብር ልኬብዎታለሁ፣ እባክዎ ይመልሱልኝ» የሚለው ነው። ቀድሞ የቴሌብር የሚመስል መልእክት ይገባል። የእውነተኛው የቴሌብር መልእክት ላኪ 127 ነው፤ ሐሰተኛው ከተራ የስልክ ቁጥር ነው የሚመጣው። መልእክቱ የሚለውን ከማመን ቀሪ ሒሳብን በ*127# ማየት ይቀድማል። ገንዘቡ በእርግጥ ገብቶ ከተገኘ እንኳ በራስ እጅ ከመመለስ ላኪውን «በድርጅቱ በኩል አስመልስ» ማለት ይሻላል።

ሦስተኛው ባለሱቆችን የሚያጠቃው ነው። ገዢው የከፈለበትን ገጽ በስልኩ ያሳያል፣ ወይም ፎቶውን ይልካል። ፎቶ ላይ ስምና መጠን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። የራስ ስልክ ላይ መልእክት ካልመጣ «ኔትወርክ ነው፣ ይደርሳል» ይባላል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ሰበብ ያሳምናል፣ ስለዚህም ተመራጭ ሆኗል። ማረጋገጫው የባለሱቁ የራሱ ቀሪ ሒሳብና የግብይት ቁጥሩ ነው። ሒሳቡ እስኪታይ ዕቃው ከመደርደሪያው አይንቀሳቀስ። እውነተኛ ገዢ ይጠብቃል፣ ቢያጉረመርምም።

ገበያ ላይ ማስወደድ ማጭበርበር ነው?

አይደለም። ይህ ብዙ የሚሳሳቱበት ነው። ሻጭ ዋጋ ቆልሎ ቢጠራ፣ ገዢም ሳይከራከር ቢከፍል፣ ገዢው ተጎድቶ ይሆናል እንጂ አልተጭበረበረም። ማጭበርበር የሚሆነው ዕቃው የተባለው ካልሆነ ወይም መጠኑ የተባለውን ካልሞላ ነው።

ቅቤ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው፤ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዱቄትና ሞራ ይቀላቀልበታል። ድንችና ዱቄትን ለመያዝ ከፋርማሲ የሚገዛ አዮዲን ይበቃል። የማንኪያ ጫፍ የምታክል ቅቤ በሙቅ ውኃ ቀልጣ ከቀዘቀዘች በኋላ ሁለት ሦስት ጠብታ ይንጠባጠብባታል። ወደ ጥቁር ሰማያዊ ከተለወጠች ስታርች አለባት። ትኩስ ላይ መሞከር አይቻልም፣ ሙቀት ቀለሙን ያጠፋዋል። በደንብ የበሰለ ሙዝ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሊያመልጥ ይችላል። ሞራ ደግሞ በዚህ ፈተና ጨርሶ አይታወቅም፣ እሱ ራሱ ስብ ነውና። ሞራ የተጠረጠረ ቅቤ በማሽተትና በመዳፍ ነው የሚፈተነው፤ ሞራ የሚቀልጥበት ሙቀት ከቅቤ ከፍ ስለሚል መዳፍ ላይ ቶሎ አይቀልጥም፣ እየቆየ ይጣበቃል።

ሚዛን ላይ ዲጂታሉ ከመጫኑ በፊት ዜሮ ማለቱን፣ የሳህኑና የፌስታሉ ክብደት አብሮ አለመቆጠሩን ማየት ነው። ጣሳ ከሆነ ቂጡ ወደ ውስጥ የገባ እንደሆን በጣት ይዳሰሳል።

በጣና ጉዞ ላይስ?

እንግዳ የሚታለለው ባልተባለ ነገር ነው። «ገዳማቱን አሳይሃለሁ» የሚል ስምምነት ስምምነት አይደለም። የትኛው ገዳም፣ ዋጋው በጀልባ ነው በሰው፣ ደርሶ መልስ ነው ወይስ መሄጃ ብቻ፣ ጀልባው ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ አስጎብኚ አለበት ወይ፣ የገዳሙ መግቢያ ውስጡ ነው ወይ? የገዳማት መግቢያ በየገዳሙ ለየብቻ ስለሚከፈል «ሁሉንም ከፍለሃል» የተባለ እንግዳ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በር ላይ እንደገና ይጠየቃል። ያኔ የሚጣላው ከመነኮሳቱ ጋር ነው፤ ሊጣላ የሚገባው ወደቡ ላይ ከቀረው ሰው ጋር ነበር።

ከዚህ ሌላ ሁለት ነገር መታወቅ አለበት። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ይህን እያወቀ ለሴት እንግዳ የእነሱን ጉብኝት የሚሸጥ ሰው መግለጥ የሚገባውን ደብቋል። ክብራን አጠገብ ያለው እንጦስ ኢየሱስ ግን ሴቶችን ይቀበላል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ በክረምቱ ማብቂያ፣ ከነሐሴ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው የሚሞላው። በበጋ ውኃው ያንሳል፣ ከፊሉም ወደ ኃይል ማመንጫው ይጠለፋል። በመጋቢት የነሐሴን ፎቶ እያሳየ የሚሸጥ አስጎብኚ ፎቶው እውነተኛ ነው፤ ሽያጩ ግን አይደለም።

«ዕቁብ ነው» የሚሉትስ?

ዕቁብ ሒሳቡ የተዘጋ ነው። 10 ሰው በየወሩ 1,000 ብር ቢጥል እያንዳንዱ 10,000 ይጥላል፣ 10,000 ይወስዳል። የሚለያየው ተራ ብቻ ነው፤ ማንም ከጣለው በላይ አይወስድም። «1,000 ጥለህ 6 ሰው አምጣ፣ ብዙ እጥፍ ታገኛለህ» የሚለው ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። አንዱ ትርፍ የሚያገኘው ከሌላው መዋጮ ነው፣ ያም የራሱን የሚያወጣው አዲስ ሰው ከመጣ ነው። እያንዳንዱ 6 ሰው ሲያመጣ ሁለተኛው እርከን 36፣ አምስተኛው 7,776፣ ስምንተኛው 1,679,616፣ አሥራ አንደኛው 362,797,056 ሰው ይፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ አይበቃም። መፍረሱ የአመራር ጉድለት ሳይሆን የሒሳቡ ባሕርይ ነው፤ ሲፈርስም ብዙው ሰው ታች ያለው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይህን መሰል የፒራሚድ ሽያጭ ይከለክላል።

ብድር ያልመለሰ ሰው አጭበርባሪ ነው?

በቁጣ ይባላል፤ በሕግ ግን ባለዕዳ ነው። ሲበደር ሊመልስ አስቦ ኋላ ንግዱ ከከሰረ ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር ነው። ሲበደር ሐሰተኛ ስም፣ ሐሰተኛ መታወቂያ ወይም የሌለ መያዣ አቅርቦ ከሆነ ነው ወደ አታላይነት የሚሄደው። ሰውን ያለ ማስረጃ በፌስቡክ ፎቶው ለጥፎ «አጭበርባሪ» ማለትም የራሱ ጣጣ አለው፤ ስም ማጥፋትና ስድብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 እና 615 ያስጠይቃሉ።

የተበላ ሰው ምን ያድርግ?

ቋንቋችን እዚህ ላይ ያዳላል። አጭበርባሪውን ጮሌ፣ አራዳ፣ ብልጥ የሚያደርግ ቃል ሞልቷል፤ የተጎዳውን ግን ፋራ ይለዋል። «ተሸወድኩ» ሲል ራሱ ያጠፋ ይመስላል። ብዙ ሰው የሚዘገየው ከዚህ ኀፍረት የተነሳ ነው። የስልክ ገንዘብ ግን የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ተዘዋውሮ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ከወጣ ማስመለስ ይከብዳል።

መጀመሪያ ሒሳቡን ማሳገድ ነው፦ ለቴሌብር 127፣ ለንግድ ባንክ 951፣ ለሌላ ባንክ የራሱን የጥሪ ማዕከል ወይም ቅርብ ቅርንጫፍ። የሚስጥር ቁጥር ከተሰጠ ወዲያው ይቀየር። መልእክቶቹም የጥሪ ዝርዝሩም አይጥፉ፤ በንዴት ማጥፋት የተለመደ ስህተት ነው። የግብይት ቁጥሩ፣ የደወለው ስልክ፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀኑና ሰዓቱ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ።

ቤት ወይም መሬት ላይ ከሆነ መንገዱ ይለያል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 ይደነግጋል። ከመክፈል በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑንና ዕዳና እገዳ አለመኖሩን መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ ይገባል፤ ደላላው «አጣርቻለሁ» ያለው አይበቃም። ተታልሎ የፈረመ ሰው በአንቀጽ 1704 መሠረት ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፤ ጥያቄው የሚቀርበው ግን ምክንያቱ ከቀረ፣ ማለትም መታለሉ ከታወቀ በ2 ዓመት ውስጥ ነው (አንቀጽ 1810)።

አቤቱታው ላይ «አጭበረበረኝ» ብሎ ማቆም አይጠቅምም። እንዲህ ይጻፍ፦ «እገሌ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ባጃጇን እንደሚገዛ ነግሮኝ 250,000 ብር ያስተላለፈ የሚመስል የባንክ ገጽ በስልኩ አሳየኝ። እኔም ገንዘቡ የገባ መስሎኝ ቁልፉንና ሊብሬውን አስረከብኩት። በማግስቱ ባንክ ስጠይቅ ምንም ገንዘብ እንዳልገባ ተነገረኝ።»